ትልቋ ትነሳ

ታናሽ እህቴ ተወልዳ ወደ ቤት በመጣች ቀን እኔ እጆቼን ከኋላዬ ቆልፌ፣ ጀርባዬን ከግድግዳው ላይ ለጥፌ፣ «አልነካትም! ወደዚያ ውሰዷት!» ብዬ ጮኼያለሁ። ይህን የማያውቅ ዘመድ የለንም። ዘመድ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። ጎረቤት ያውቃል፣ የእህቴ ባል ያውቃል፣ እህቴ መሥሪያ ቤት ያሉ፣ በዓይኔ አይቻቸው የማላውቅ ሰዎች ሳይቀሩ ያውቃሉ። ሰው በተሰበሰበ ቁጥር አክስቴ ጉሮሮዋን ትጠርግና «ትልቋ እኮ ጉደኛ ቀናተኛ ነበረች» ብላ ትጀምራለች። ሰው ይስቃል። እህቴ ከሁሉም ቀድማ ትስቃለች፣ ከሁሉም ቀድማም ትጨርሳለች።

እኔን ግን አንገፍግፎኛል። ቅናት የሚባል ነገር በአጠገቤ አላለፈም። ያችን ልጅ ከእናቴ ቀጥሎ፣ ምናልባትም ከእናቴ እኩል፣ የፈለግኋት እኔ ነበርኩ። ያልነካኋትም ስለፈለግኋት ነው። ይህን ለማስረዳት ግን ፈርን ከሚባል ተክል መጀመር አለብኝ፤ ከፈርን ስጀምር ደግሞ ሰው ሁሉ ሰዓቱን ማየት ይጀምራል።

እናቴ የዕፅዋት ተመራማሪ ነበረች። የሌላ ሰው እናት ሥራ ውላ ትመጣለች፤ የእኔ እናት ሥራዋን ይዛው ትመጣ ነበር። በዚያ ዓመት ደግሞ የመሥሪያ ቤቷ ጣሪያ ይታደሳል ተብሎ ሳህኖቿን ጠቅልላ እኛ ቤት አስገባቻቸው። ዕቃ ቤቱ ተጠረገ፣ መደርደሪያ ተመታ፣ ነጭ አምፖል ተንጠለጠለ። በየመደርደሪያው ላይ ክዳን ያላቸው ክብ የመስታወት ሳህኖች፣ በሳህኖቹ ውስጥ እንደ ቀዘቀዘ ሾርባ የረጋ ነገር፣ በረጋው ነገር ላይ አረንጓዴ ነጠብጣብ። በቃ፣ ይኸው ነው። ለዚህ ለነጠብጣብ ሲባል ነበር በገዛ ቤታችን በእግር ጣታችን የምንራመደው። ክፍሉ እርጥብ እርጥብና አልኮል አልኮል ይሸት ነበር፤ ሽታው እስከ ምሳ ዕቃዬ ድረስ ይከተለኝ ነበር።

አንድ ቀን ምን እንደሆኑ ጠየቅኋት። እናቴ ልጅን እንደ ልጅ ማናገር አትችልበትም። «ፈርን አበባ የለውም፤ ዘርም የለውም» አለችኝ፣ ዓይኗን ከማይክሮስኮፑ ሳታነሳ። «ከቅጠሉ ጀርባ ያለው ቡናማ ብናኝ ስፖር ይባላል። ስፖሩ እርጥብ ቦታ ሲያርፍ መጀመሪያ የሚሆነው ፈርን አይደለም፤ ከጥፍርሽ የምታንስ ስስ ቅጠል ነው። ወንድና ሴት የሚባለው ነገር ያለው እሷ ላይ ነው። ገባሽ?» ገባኝ አልኳት። የገባኝ በሳህኖቹ ውስጥ ወንዶችና ሴቶች እንዳሉ ብቻ ነው።

በቤታችን በስሙ የሚጠራ ሰው አልነበረም። እኔ የመጀመሪያ ልጅ ስለሆንኩ ትልቋ ነኝ። ከእኔ በታች ተከታትለው የመጡት ወንድሞቼ ደግሞ ባንድ ላይ «ሁለቱ» ናቸው። ሁለቱ በሉ? ሁለቱ የት ገቡ? ሁለቱ ምን ሰበሩ? ሁለቱ መቼም የማይሰብሩት ነገር አልነበረም። አንዱ አተር አፍንጫው ውስጥ ይከታል፣ ሌላው ያንን ለማውጣት ማንኪያ ይዞ ይመጣል። የአሻንጉሊቴን ጭንቅላት ነቅለው ኳስ የተጫወቱበት ቀን፣ ከዚህ በኋላ እህት ካልመጣልኝ እዚህ ቤት አልኖርም ብዬ ወሰንኩ። የእናቴ ሆድ በዚያን ጊዜ ገፋ ማለት ጀምሮ ነበር።

ስልኩ ያለው ኮሪደር ላይ ነበር። እናቴ ከሥራ ባልደረባዋ ጋር ስለ ሳህኖቹ የምታወራው እዚያ ቆማ፣ ወገቧን በአንድ እጇ ደግፋ ነው። ሰውየውን አይተነው ስለማናውቅ ስልኩን ስታነሳ በምትለው ቃል ጋሽ ሃሎ ብለን ጠራነው። አንድ ከሰዓት እኔ ከኮሪደሩ ጥግ ተቀምጬ ጫማዬን ሳስር እናቴ ድምፅዋ ከፍ አለ።

«አይ፣ አሁንም ወንድ ናቸው! ሁሉም! እኔ ነግሬህ የለ፣ ትልቋ አጠገባቸው እያለች ሴት የሚባል አናገኝም።»

እጄ የጫማዬ ማሰሪያ ላይ ቀረ።

«እሷማ ቀድማ ነው የደረሰችው። ለብቻዋ ስለነበረች ሴት ሆነች። ከእሷ በኋላ የመጡት ግን አጠገቧ አደጉ፣ ወንድ ሆኑ። ከእሷ የሚወጣው ነገር ነው እኮ ወንድ የሚያደርጋቸው።» ጋሽ ሃሎ አንድ ነገር ተናገረ መሰለኝ፣ እናቴ ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዋ አዞረች። ከዚያ፣ «ስለዚህ ትልቋ ትነሳ። ሌላ ቦታ ትቀመጥ። ትንሿ ለብቻዋ ትደግ፣ ያኔ ሴት ትሆናለች።» ደግሞ አዳመጠች። «ኧረ አልጥላትም! ምን ነካህ? ቆርጬ ነው የማቆያት። ቁራጯ ለብቻዋ ስትሆን እንደገና ትበቅላለች።»

ዛሬ ስሰማው የሳህን ወሬ ነው። አንዲት ቀድማ የበቀለች ስስ ቅጠል ጎረቤቶቿ ላይ የምትለቀው ቅመም አለ፤ ያ ቅመም የደረሳቸው ትንንሾቹ ወንድ ይሆናሉ። እናቴ ዕድሜዋን የበላችው በዚያ ቅመም ነው። እኔ ግን ያኔ ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ፤ በዓለም ላይ የማውቃትም ትልቋ አንድ ብቻ ናት። አስቡት እስቲ። እኔ ቀድሜ ተወለድኩ፣ ለብቻዬ ነበርኩ፣ ሴት ሆንኩ። ከእኔ በኋላ ሁለት መጡ፣ ሁለቱም ወንድ። ማስረጃው አራት እግር አውጥቶ ሳሎን ውስጥ ይሯሯጥ ነበር።

ከእኔ የሚወጣው ነገር ምን እንደሆነ ለማወቅ ያላደረግኩት የለም። ብብቴን አሸተትኩ። በሳሙና ታጠብኩ፣ ደገምኩ፣ ቆዳዬ እስኪጨማደድ ታጠብኩ፤ አባቴ «ውሃው ሊያልቅ ነው!» ብሎ በሩን እስኪደበድብ። አባቴ የማቀዝቀዣ ጠጋኝ ነበር፤ ግቢያችን በተበላሸ ፍሪጅ የተሞላ ነው። ጭንቅላቱን አንዱ ውስጥ ከትቶ ሳለ ሄጄ፣ «አባዬ፣ ከእኔ የሚወጣ ነገር አለ?» አልኩት።

«ጫጫታ» አለ ከውስጥ።

«የምሬን ነው።»

«እናትሽን ጠይቂያት።»

እናቴን ስጠይቃት «አሁን አይደለም» አለችኝ። እንግዲህ በእኛ ቤት ዕውቀት የሚገኘው እንዲህ ነበር።

ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ከትምህርት ቤት ስመለስ አክስቴ፣ የእናቴ እህት፣ ሳሎን ውስጥ ኮቷን ሳታወልቅ ቆማ አገኘኋት። የእኔ ልብስ በቦርሳ ተሞልቶ እግሯ ሥር ተቀምጧል። ጓሮ ፍራሽ ፀሐይ ላይ ተደግፏል፣ ገመዱ ላይ አንሶላ ውሃውን ያንጠባጥባል። ሁለቱ አልጋ ላይ ሸኑ ማለት ነው አልኩ በልቤ። አባቴ ከመኝታ ቤት ሳፋ ይዞ ሲወጣ ሲያየኝ ደንገጥ ብሎ ተመለሰ።

እናቴ መጋረጃው ተዘግቶ ተኝታ ነበር። ፊቷ ነጭ ወረቀት መስሏል። «ትልቋ» አለችኝ፣ «ትንሽ ቀን አክስትሽ ጋ ትቆያለሽ።»

«አውቃለሁ» አልኳት።

ቀና ብላ አባቴን አየችው። «ማነው የነገራት?» አባቴ ትከሻውን ሰበቀ።

«ሁለቱስ?» አልኩ።

«ሁለቱ እዚሁ ይቆያሉ።»

ይቆያሉ እንጂ! እነሱ አንዴ አልቆላቸዋል። «ሴት እንድትሆን ነው አይደል?» ስላት እናቴ ዓይኗ እንባ ሞላ። «የፈለገችውን ትሁን፣ ብቻ ትቆይልኝ» አለች። ትቆይልኝ ያለችው እኔን መሰለኝ፤ ከእኔ መለየት ከብዷት የምታለቅስ። ለመሳም እጇን ስትዘረጋልኝ እስትንፋሴን ይዤ ወደ ኋላ ሸሸሁ፤ ከበሩ ላይ ሆኜም እጄን አውለበለብኩላት። ከዚያ ወጣሁ። አኩርፌ የወጣሁ መስሏቸው ነበር አሉ። የእኔ ስም መጥፋት የጀመረው ከዚያች ደቂቃ ነው።

የዚያን ቀን ጠዋት እናቴ ደም ፈሷት ነበር። ሐኪሙ ከአልጋሽ ንቅንቅ ብትዪ ልጁ ይወርዳል ብሏታል። ይህን የሰማሁት ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ ነው፣ ያውም አክስቴ ስለ ሌላ ነገር ስታወራ አምልጧት። ለምን እኔን ብቻ ላካችሁኝ ብዬ ስጠይቃት የመለሰችልኝ መልስ እስካሁን ያበግነኛል። «ሁለቱ ምን ይገባቸዋል ብለሽ ነው? አንቺ ግን ሁሉን የምታይ ልጅ ነሽ፣ እንዳትሸበሪ ብለን ነው።» ሁሉን የምታይ! አየሁ እኮ፤ ፍራሹን አየሁ፣ አንሶላውን አየሁ፣ ሳፋውን አየሁ። አንድ ሰው አፉን ከፍቶ «እናትሽ ታማለች» ቢለኝ ምን ነበረበት?

አክስቴ ልብስ ሰፊ ናት። ቤቷ በቁርጥራጭ ጨርቅ የተሞላ፣ ጭንቅላት የሌለው የልብስ መለኪያ አሻንጉሊት ጥግ ላይ የቆመበት፣ የስፌት መኪናው ሲነሳ ወለሉ የሚንቀጠቀጥበት ቤት ነው። ገና በመጀመሪያው ጠዋት ፀጉሬን ይዛ ታገለችና ማበጠሪያውን ወረወረችው። «ማን ሲያበጥርሽ ይውላል? እቆርጠዋለሁ። መልሶ ይበቅላል።» የጨርቅ መቀሷን አነሳች።

ቆርጬ ነው የማቆያት። እንደገና ትበቅላለች። ቁጭ አልኩላት፣ ዓይኔን ጨፈንኩ። «ስንቱን ነው የምትቆርጪው?» አልኳት።

«እስከ ጆሮሽ።»

«ጆሮዬንም?»

«ኧረ ይቺ ልጅ ጤናም የላት!» አለች። እንባ እንኳ ሳላወጣ መጨረሴ ግን ሳያስገርማት አልቀረም። ወለሉ ላይ የወደቀውን ፀጉሬን ሳየው ደስ አለኝ። ያ የተረገመ ነገር ያለው እሱ ውስጥ ሊሆን ይችላል።

ቤቴ ናፈቀኝ። እንዲህ ይናፍቀኛል ብዬ አስቤ አላውቅም፤ የሁለቱ ጩኸት ሳይቀር፣ ያ የአልኮል ሽታ ሳይቀር ናፈቀኝ። ሲብስብኝ ትራሱን ነክሼ አለቅስና፣ ጠዋት ጠዋት አናቴን ዳብሼ ምን ያህል እንደበቀልኩ እለካለሁ። አክስቴ በየቀኑ ቤት ትደውላለች፤ ስልኩን በእጇ ሸፍና፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። ድምፅ ዝቅ ሲል ደግሞ ጆሮዬ ይቆማል።

«እስካሁን አለች? እሰይ። እንዳትነሳ! አደራችሁን፣ ትንሽ ብትነሳ አለቀ። ባለችበት ትቀመጥ።»

ከአልጋዋ እንዳትነሳ የተባለችው እናቴ ነበረች። እኔ ግን ትልቋ ትነሳ የተባልኩ ልጅ ነኝ፤ ተነስቼ የተቀመጥኩበትም ቦታ ይኸው ነው። ስለዚህ ተቀመጥኩ። ሱቅ ሂጂ ስትለኝ እምቢ፣ ግቢ ወጥተሽ ተጫወቺ ስትለኝ እምቢ። ትምህርት ቤት ወስዳ ታስገባኛለች፣ ከዚያ መልሳ ስታመጣኝ ሮጬ ወንበሬ ላይ። «ምነው፣ ሙጫ አለው እንዴ?» ትለኛለች። አክስቴ ለጎረቤቷ «ልጅቷ አኩርፋ ከወንበር አልነሳ አለች» ብላ ስታማኝ እየሰማሁ ዝም አልኩ። እህት እያመጣሁ ነው፤ ምን ይበሉ ምን ግድ የለኝም።

ትንሽ ቀን የተባለው ወራት ከሆነ በኋላ፣ አንድ ቅዳሜ አባቴ በሩን በርግዶ ገባ። «ሴት ናት!» አለ። ፂሙን አልተላጨም፣ ሸሚዙ ተዛንፎ ነው የተቆለፈው። ወንበሩ ላይ ቆሜ ጮኽኩ። አክስቴን ሳምኳት፣ አሻንጉሊቱን ሳምኩት። ሠራ! የእናቴ ዘዴ ሠራ!

«በይ ጫማሽን አድርጊ፣ ቤት እንሂድ» አለኝ።

ቤት? ልጅቷ ገና አንድ ፍሬ ሆና፣ እኔ አጠገቧ? «አልሄድም» አልኩት። የስፌት መኪናውን እግር አቅፌ ያዝኩ። አባቴ ጎተተኝ፣ አክስቴ ጣቶቼን አንድ በአንድ ፈለቀቀች፤ አባቴም አክስቴም ምን ሆነሽ ነው ብለው ለመጠየቅ ትንፋሽ አልተረፋቸውም።

ቤት ስንደርስ ሰው ሞልቷል። ሁለቱ ከረሜላ አፋቸውን ሞልተው አልጋው ሥር ገብተዋል። እናቴ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣ ነበር፣ ከስታለች፣ ግን ፊቷ በርቷል። «ነይ ትልቋ» አለችኝ። «አንቺን ስንጠብቅ ነው። እህትሽን እቀፊያት።» ፎጣውን ገለጥ አደረገችው። አንዲት ጆሮ አየሁ፤ ደቃቃ፣ የታጠፈች፣ ቀይ ጆሮ። ያቺን ጆሮ እስከ ዛሬ አልረሳኋትም። ሮጬ ሄጄ ብስማት እንዴት ደስ ባለኝ! ሁለት እርምጃ ወደ ፊት ሄድኩ። ከዚያ ከእኔ የሚወጣው ነገር ትዝ አለኝና ግድግዳው ላይ ተለጠፍኩ። የቀረውን ታውቁታላችሁ፤ ሁሉም ሰው ያውቀዋል።

እናቴ ፎጣውን መልሳ ሸፈነቻት፣ ቀስ ብላ። «ቀንታ ነው፣ ተዉአት» አለች።

ከዚያ በኋላ በዚያች ልጅ ዙሪያ ስዞር ከረምኩ። እሷ ሳሎን ከሆነች እኔ ወጥ ቤት፣ እሷ ወጥ ቤት ከሆነች እኔ ከፍሪጆቹ መሃል። የሽንት ጨርቋ ሊቀየር ሲል ግን በር ላይ ሆኜ አንገቴን አስግጌ አያለሁ፤ እስካሁን ሴት መሆኗን ማረጋገጥ አለብኝ። «ምን ታፈጫለሽ፣ አታፍሪም?» ትለኛለች አክስቴ። ከእሷ ቤት በኪሴ ካመጣሁት ቁርጥራጭ ጨርቅ ኮፍያ ሰፍቼ ደፍ ላይ ጥዬ ሮጥኩ። ሁለቱ የሰፉት ነው ተባለ። ሁለቱ! መርፌ ቢሰጣቸው ይውጡት ነበር።

ነገሩን ያቆመችው ራሷ ናት። መዳህ የጀመረች ሰሞን ከሰው ሁሉ መርጣ እኔን መከተል አመጣች። ሸሸሁ፣ ዳኸች። ወንበር ላይ ወጣሁ፣ የጫማዬን ማሰሪያ ይዛ ቁጭ አለች። ስታሳድደኝ ዋለች፣ ስትስቅብኝ ዋለች። ማታ ጨርቋ ሲቀየር አየሁ፤ ሴት ናት። በማግሥቱም ሴት። በቃ፣ ያ ነገር ከፀጉሬ ጋር ተቆርጦ ሄዷል አልኩና አነሳኋት። ያነሳኋትን ቀን ግን ማንም አይተርከውም።

ባለፈው ሰሞን ያቺው እህቴ ወለደች። ሁላችንም ቤቷ ተሰበሰብን። ሕፃኗ ከእጅ ወደ እጅ ትዞራለች፤ ከአክስቴ ወደ ሁለቱ፣ መላጣ ሆነውም አሁንም ሁለቱ ናቸው፣ ከሁለቱ ወደ አባቴ። ተራው እኔ ጋ ሲደርስ እህቴ መሃል ገባችና ልጇን ከአባቴ እጅ ተቀበለች። «ለትልቋ ሕፃን አይሰጥም» አለች። ሰው ሳቀ። እሷም ሳቀች። አክስቴ ጉሮሮዋን ጠረገች።

ያኔ ፈነዳሁ። «በቃ!» አልኩ። «ቀናተኛ አልነበርኩም!» አምፖሉን፣ ሳህኖቹን፣ ጋሽ ሃሎን፣ ትልቋ ትነሳን፣ ወንበሩን፣ የሽንት ጨርቁን፣ ሁሉንም ዘረገፍኩት። «ወንድ እንዳትሆንብኝ ነው የሸሸኋት! እህት ፈልጌ ነው! እናንተ አንድ ቃል ብትነግሩኝ ኖሮ...» ሁለቱ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። እህቴ ልጇን አቅፋ ትክ ብላ ታየኛለች።

እናቴ መነጽሯን አወለቀች፣ በቀሚሷ ጫፍ ወለወለችው፣ መልሳ አጠለቀችው።

«መጀመሪያ ነገር» አለች፣ «ትልቋ ሴት ብቻ አይደለችም። ሁለቱንም ፆታ ይዛለች። በስልክ ለማሳጠር ነው ሴት ያልኩት።»

«እማዬ!» አልኩ። ራሴን ይዤ ልጮህ ምንም አልቀረኝም።

«ቆይ፣ አስጨርሺኝ። ሁለተኛ፣ ያ ነገር የሚሠራው ገና ሳይለይላቸው ብቻ ነው። አንዴ ከለየላት በኋላ አጠገቧ ማንም ቢቀመጥ አይለውጣትም። ይሄንንማ ብትጠይቂኝ እነግርሽ ነበር። ስለዚህ እኮ...» አለችና አቆመች። ሳህኖቿን ስታስረዳ በሕይወቷ መሃል ላይ አቁማ አታውቅም። «ልታቅፊያት ትችይ ነበር» አለች።

«እኔ እንግዲህ ከአሁን በኋላ ምን ልተርክ ነው?» አለች አክስቴ፣ የምሯን ተቆጥታ።

እህቴ ተነሥታ መጣች፣ ፊት ለፊቴ ቆመች። ዓይኗ ቀልቷል። ፎጣውን ገለጥ ስታደርገው አንዲት የታጠፈች ቀይ ጆሮ ብቅ አለች።

«ያዣት» አለችኝ። «ይቺም ለይቶላታል።»

እጆቼ ለካ ሳላውቀው ከኋላዬ ተቆልፈው ነበር። ፈታኋቸው።